ከአፍአበት እስከ ሐርጌሳ

በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ መሀል፣ ከፍ ካለ መደብ ላይ አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን ቆሟል። በ1988 ከተማዋን ያወደመው የአየር ድብደባ መታሰቢያ ነው፤ ወደዚያች ከተማ የሄደ እንግዳ ሳያየው አይመለስም። እኔም ለሥራ ጉዳይ በጅግጅጋ በኩል ሄጄ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሬ ሐርጌሳ በገባሁ ጊዜ አይቼዋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ሐውልቱ ራሱ ሳይሆን፣ እዚያው አጠገብ ሻይ ስጠጣ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

አዛውንቱ በስልክ አማርኛ ሳወራ ሰምተውኝ ኖሯል። እሳቸውም አማርኛ ይችላሉ፤ የለመዱት ሀርተሼክ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ ከዚያም ጅግጅጋ ሱቅ ተቀጥረው በሠሩባቸው ዓመታት እንደሆነ ነገሩኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ከአዲስ አበባ መሆኔን ስነግራቸው ጥቂት አሰብ አደረጉና «ልጄ፣ አፍአበትን ታውቃለህ?» አሉኝ።

አፍአበትን እንዴት አላውቅም? በእኛ ሰፈር ልጃቸው ከዚያ ያልተመለሰላቸው እናት ነበሩ። ነገር ግን ሐርጌሳ ውስጥ፣ ከሶማሌላንድ ሽማግሌ አንደበት ስሟን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። «አውቃለሁ አባቴ፣ ኤርትራ ውስጥ ነው» አልኳቸው። በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘው ነበር። አንዱን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ገፉና «ማርች፣ አፍአበት» አሉ። ሁለተኛውን ገፉ፤ «ኤፕሪል፣ መንግሥቱና ሲያድ ባሬ ታረቁ።» ሦስተኛውን ሲገፉም ድምፃቸው አልተለወጠም፤ «ሜይ፣ እኛ።» ሁሉንም ያኔ በቢቢሲ የሶማሊኛ ሬዲዮ ተከታትለውታል። የዕርቁ ዜና የተሰማ ዕለት የሰፈሩ ሰው ደስ ብሎት እንደነበር፣ ድንበሩ ይረጋጋል፣ ገበያውም ይከፈታል ተብሎ ተስፋ እንደተደረገ አስታወሱ።

ሦስት ወራት

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሦስቱን ወራት ደጋግሜ አሰብኳቸው። አዛውንቱ የደረደሯቸው ክስተቶች አንድ በአንድ ትክክል ናቸው። በማርች 1988 ሻዕቢያ ናደው ዕዝ የተባለውን የደርግ ጦር አፍአበት ላይ ደመሰሰ። ደርግ ሰሜኑን ለማጠናከር ጦር አስፈለገው፤ ከ1977ቱ ጦርነት ወዲህ በኦጋዴን ግንባር ተፋጥጦ የተቀመጠውን ሠራዊት ማንቀሳቀስ የሚችለው ደግሞ ከሞቃዲሾ ጋር ሲስማማ ብቻ ነበር። ሲያድ ባሬም በበኩላቸው በሰሜን አገራቸው የሚዋጋቸውን የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ከኢትዮጵያ መጠጊያው ማስነቀል ይፈልጋሉ። ኤፕሪል 3 ቀን ሁለቱ መንግሥታት ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነታቸውን ለማደስ፣ ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅና አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ለማቆም ተስማሙ።

ንቅናቄው በ1981 ለንደን ላይ ተመሥርቶ በማግሥቱ ዓመት ጽሕፈት ቤቱንና ተዋጊዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ያዛወረ ድርጅት ነበር። መጠጊያው ሲዘጋበት የቀረው ምርጫ ትጥቅ መፍታት ወይም ወደ አገር ገብቶ መዋጋት ሆነ። ሜይ 27 ቡርኦን፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሐርጌሳን አጠቃ። የሲያድ ባሬ ምላሽ ከተሞቹን ከነሕዝባቸው በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ነበር። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ተነሥተው ሐርጌሳን ይደበድባሉ፣ ተመልሰውም እዚያው ሐርጌሳ ያርፋሉ። አንድ አብራሪ ይህን አላደርግም ብሎ አውሮፕላኑን ጅቡቲ ወስዶ አሳርፏል። በ1990 የወጣ የሰብዓዊ መብት ምርመራ የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች ከ50 ሺህ እስከ 60 ሺህ ገምቷቸዋል። ከ300 ሺህ በላይ ሰው በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ሀርተሼክም በዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆነ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አፍአበትን በአንድ መዝገብ፣ ሐርጌሳን በሌላ መዝገብ ነበር የማስቀምጣቸው፤ ብዙዎቻችንም እንዲሁ ይመስለኛል። የኤርትራ ነገር የእኛ ቁስል ነው፣ የሶማሌላንድ ነገር የጎረቤት ጉዳይ ነው ብለን ለየብቻቸው እናወራቸዋለን። አዛውንቱ ግን ሁለቱ ከተሞች በአንድ ክር የተሰኩ መሆናቸውን አሳዩኝ። ከገዛ ሕዝባቸው ጋር የሚዋጉ ሁለት መንግሥታት ዕርቅ ያወረዱት እያንዳንዳቸው ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው በሙሉ ኃይላቸው እንዲዋጉ ነበር። ስምምነቱ በሕግ ዓይን እንከን አይወጣለትም፤ ድንበርን ማክበር ነው፣ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሁሉንም አገር የሚያዘው ይህንኑ ነበር። ቻርተሩ በተከበረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሐርጌሳ ፈረሰች።

እንግዲህ የሚከነክነኝ ይህ ነው። አፍሪካ ነፃ ከወጣች ወዲህ ስለ መገንጠል በተነሣ ቁጥር የምናነሣው ድንበርን ነው፤ ድንበሩ ቅኝ ገዢዎች ያሰመሩት ነው፣ ቢነካ አህጉሩ ይበታተናል እንላለን። ድንበሩ ተከብሮ በውስጡ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ግን አንጠይቅም።

አምስት ቀን የኖረ አገር

ሶማሌላንድን ለዚህ ሐሳብ ጥሩ መፈተኛ የሚያደርጋት ታሪኳ ከተለመደው የመገንጠል ታሪክ የተለየ መሆኑ ነው። የብሪታንያ ጥበቃ ግዛት የነበረችው ሶማሌላንድ ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ አገር ሆነች። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 1፣ ከጣሊያን ሞግዚትነት ነፃ ከወጣችው ደቡባዊት ሶማሊያ ጋር ተዋሐደች። ያስገደዳት ኃይል አልነበረም። በባንዲራው ላይ ያለችው ኮከብ አምስት ጫፍ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች አንድ የማድረግ ሕልም ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ኦጋዴን፣ ሌላው የኬንያ ሰሜናዊ ክፍል፣ ሌላው የዛሬዋ ጅቡቲ መሆናቸውን እኛ ጎረቤቶች በደንብ እናውቃለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ከሐርጌሳ ሰዎች የበለጠ የኖረበት ሕዝብ በዚያን ዘመን አፍሪካ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ በእጃቸው የገባውን መንግሥት ለአንድነት ሲሉ አስረክበዋልና።

ውሕደቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሕጉ የላላ ነበር። ሰሜኑ ያጸደቀው የውሕደት ሕግና ደቡቡ በመርህ ደረጃ የተቀበለው ሰነድ የተለያዩ ነበሩ፤ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት አንድ ውል አልነበረም። ዋና ከተማው ሞቃዲሾ ሆነ። ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም የተመረጡት ከደቡብ ፖለቲከኞች ነበር። ከ123ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ለሰሜኑ የደረሱት 33 ናቸው። ሐርጌሳ ላይ በእንግሊዝኛና በእንግሊዝ ሕግ ሲሠራ የነበረ ባለሥልጣን የጣሊያንኛ መዝገብ ወደሚይዝ ቢሮ ሄዶ ደጅ መጥናት ነበረበት። በጁን 1961 በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ በሰሜን ብዙው ሰው ሳይመርጥ ቀረ፣ ከመረጠውም የሚበዛው ተቃወመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ብሪታንያ ያሠለጠነቻቸው ወጣት የሰሜን መኮንኖች ሐርጌሳ ላይ አምፀው ከሸፈባቸው። ለፍርድ ሲቀርቡ ዳኛው ሰሜኑን ከደቡቡ የሚያስር ሕጋዊ የውሕደት ሰነድ አላገኘሁም ብሎ አሰናበታቸው። ሞቃዲሾ ያንን ፍርድ ማስጠንቀቂያ አድርጋ ልትወስደው ይገባት ነበር። አልወሰደችውም።

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይሉ ነበር። የኤርትራን ፌዴሬሽን ዕጣ የምናስታውስ ሰዎች ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንብንም። በ1952 የተጀመረው ፌዴሬሽን በ1962 ሲፈርስ የተጻፈውን ውል የቀደደው ማዕከሉ ነበር፤ ጫካ የገቡትን ሰዎች ብቻ ተገንጣይ ብለን መጥራታችን ነገሩን ከኋላው ጀምረን እንድናነበው አድርጎናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከማንም በላይ የሚገርመኝ ሰው መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ናቸው። በ1960 የአምስት ቀኗን ሶማሌላንድ በጠቅላይ ሚኒስትርነት መርተው ወደ ውሕደቱ ያስገቧት እሳቸው ነበሩ። ከ1967 እስከ 1969 የመላ ሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከኢትዮጵያና ከኬንያ ጋር ውጥረቱን አረገቡ፤ የሲያድ ባሬ መፈንቅለ መንግሥት ከሥልጣን አውርዶ ለረጅም ዓመታት አሠራቸው። በ1993 ደግሞ ከሶማሊያ ተለይቻለሁ ያለችው ሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2002 እስኪሞቱ ድረስም መሩ። አንድን ሰው የአንድነት አባት፣ የአንድነት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የመለየት ፕሬዚዳንት የሚያደርገው ምንድን ነው? የሥልጣን ፍቅር ነው የሚሉ አሉ። ያ ብቻ ቢሆን ሕዝቡ ባልተከተላቸው ነበር።

ሕዝቡ እንዲያውም ከመሪዎቹ ቀድሞ ነበር። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ዓላማ ሲያድ ባሬን መጣል እንጂ አገር መለየት አልነበረም። በጃንዋሪ 1991 ሲያድ ባሬ ሲወድቁ ሞቃዲሾን የያዘው ቡድን ሰሜኑን ሳያማክር የራሱን ፕሬዚዳንት ሾመ። በሜይ ቡርኦ ላይ ሽማግሌዎችና የንቅናቄው መሪዎች ሲሰበሰቡ ብዙዎቹ መሪዎች ያመነቱ ነበር፤ አደባባዩን የሞላው ሰው ግን ዳግም ወደ ሞቃዲሾ አንመለስም ብሎ ጮኸ። ሜይ 18 የመለየቱ አዋጅ ተነገረ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»፤ ቦምቡ ከወደቀ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፣ ከስደት የተመለሰውም ሰው ቤቱን የሚሠራው ከፍርስራሹ ላይ ፈንጂ እየለቀመ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ አልልም። ቦረማ ላይ በ1993 ሽማግሌዎች ለወራት ተቀምጠው የመንግሥትን ቅርጽ መከሩ፤ በመካከሉ የእርስ በርስ ውጊያዎችም ነበሩ። በ2003 የፕሬዚዳንት ምርጫ አሸናፊው በመጀመሪያው ቆጠራ በ80 ድምፅ ብቻ በለጠ፤ ተሸናፊውም ቅር እያለው ወደ ፍርድ ቤት እንጂ ወደ ጠመንጃ አልሄደም። እውቅና ያላቸው ብዙ አገሮች ይህን አላሳዩንም።

ደንቡን ያቀረቡት ሰው

በጁላይ 1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው ማንኛውም አባል አገር ነፃነቱን ሲያገኝ የነበረውን ድንበር እንዲያከብር ወሰኑ። የውሳኔውን ሐሳብ ያቀረበችው የጁሊየስ ኔሬሬ ታንዛኒያ ነበረች። አልቀበልም ያሉት ሶማሊያና ሞሮኮ ናቸው። ሶማሊያ ያልተቀበለችው ኦጋዴንንና የኬንያን ሰሜን ስለምትጠይቅ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከእኛ ጋር በድንበር ተዋግታለች። ዛሬ ሞቃዲሾ ሶማሌላንድን የምትከራከረው ያኔ በተቃወመችው መንፈስ ነው፤ የግዛት አንድነት አይነካ ትላለች። ሐርጌሳ በበኩሏ የውሳኔውን ቃል ጠቅሳ፣ እኔ ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ ስወጣ የነበረኝ ድንበር ይታወቃል፣ የምጠይቀው እሱን ብቻ ነው ትላለች። የሕግ ክርክሩ እዚህ ላይ ሁለት ጫፍ ያለው ሆኖ ይቆማል፤ የቱም ወገን ሐሰት አልተናገረም።

ለእኔ ከሕጉ ክርክር የሚበልጥብኝ ግን ደንቡን ያቀረቡት ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ያደረጉት ነገር ነው። ኤፕሪል 13 ቀን 1968 ታንዛኒያ ከናይጄሪያ ለተለየችው ቢያፍራ እውቅና ሰጠች፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች፣ ጋቦን፣ ኮትዲቯርና ዛምቢያም ተከተሏት። ኔሬሬ ከማንም የበለጠ የአፍሪካ አንድነት ሰው ነበሩ። የሰጡት ምክንያት በአጭሩ መንግሥት የሚኖረው ለሕዝቡ ደኅንነት ነው የሚል ነበር፤ በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ በሺዎች የተጨፈጨፉት ኢግቦዎች በአገሪቱ ውስጥ ሕይወታችን አይጠበቅልንም ብለው ካመኑ፣ በግድ ኑሩ ማለት አንድነት አይደለም አሉ። በ1964 የተናገሩትን አላፈረሱም። ድንበር አገርን ከአገር የሚጠብቅ ነገር ነው ብለው ተነሥተው፣ ዜጋን ከገዛ መንግሥቱ የሚጠብቀው ምንድን ነው ወደሚለው ጥያቄ ደረሱ።

በዚያው ዓመት ኦገስት የናይጄሪያና የቢያፍራ ተወካዮች እዚሁ አዲስ አበባ ተገናኝተው ነበር። የቢያፍራ መሪ ኦጁኩ ራሳቸው መጥተው ንግግር አድርገዋል፤ አሸማጋዩም የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የናይጄሪያ ኮሚቴ የሚመሩት አጼ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ንጉሡ የናይጄሪያን አንድነት መደገፋቸው የሚያስገርም አልነበረም፤ በቤታቸው የኤርትራ ጦርነት ሰባተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር። ንግግሩ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፣ ቢያፍራም በጃንዋሪ 1970 እጇን ሰጠች። ያ ስብሰባ ስለ ድንበር ብዙ ተናግሮ ስለ 1966ቱ ጭፍጨፋ ተጠያቂነት የሚያዘልቅ ነገር ሳያስቀምጥ መበተኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ከተማዬ ያኔ ያገኘችውን ዕድል ድጋሚ እስክታገኝ ብዙ ሰው አልቋል።

ሳይገነጠሉ የቀሩትንና የተገነጠሉትን ደግሞ ምን ለያቸው? ኤርትራ በ1993፣ ደቡብ ሱዳን በ2011 የአፍሪካን በር አልፈው የገቡት የበለጠ ስለተበደሉ አይደለም። በአዲስ አበባና በካርቱም የተቀመጡት መንግሥታት ስለተስማሙ ነው። ሶማሌላንድ በ1991 ስትለይ ሞቃዲሾ ውስጥ እሺ ወይም እምቢ የሚላት መንግሥት አልነበረም፤ በኋላ የመጣው ደግሞ እምቢ አለ። የበዳዩ ፈቃድ የተበዳዩን ዕጣ የሚወስንበት ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ብዬ መቀበል አልቻልኩም።

ላስ አኖድ

ይህን እያሰብኩ ወደ ሐርጌሳ ሙሉ በሙሉ ባዘነበልኩ ነበር፤ የከለከለኝ ላስ አኖድ ነው። አዛውንቱን እዚያው ሻይ ቤት ጠይቄያቸው ነበር። በደሉን በመቁጠሪያ ፍሬ የቆጠሩልኝ ሰው ፊታቸውን መለስ አድርገው «ያ ሌላ ነው» ብለውኝ ስለ ጅግጅጋ የጫት ዋጋ ጠየቁኝ። አልተጫንኳቸውም። ግን ሌላ አይደለም።

ላስ አኖድ የሶል አውራጃ ዋና ከተማ ናት፤ ሶማሌላንድ የእኔ በምትለው በቀድሞው የብሪታንያ ድንበር ውስጥ ትገኛለች። ነዋሪዎቹ የዱልባሃንቴ ጎሳ ሰዎች ናቸው። ብሪታንያ በ1880ዎቹ ከባሕር ዳርቻው ጎሳዎች ጋር የጥበቃ ውል ስትፈራረም ከእነሱ ጋር አልተፈራረመችም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ በፀረ ቅኝ ግዛት ትግል መሪው በሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ሥር ሆነው ብሪታንያን ወግተዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻቸው የብሪታንያ ካርታ እኛን አያስርም፣ ቡርኦ ላይ የተባለውም የእኛ ልብ አልነበረም ይላሉ። በከተማዋ ለዓመታት ታዋቂ ሰዎች እየተገደሉ ገዳዮቹ ሳይያዙ ሲቀሩ ቁጣው ገነፈለ፤ በፌብሩዋሪ 2023 ሽማግሌዎቹ ከሶማሊያ ጋር መሆን እንደሚፈልጉ አወጁ። የሶማሌላንድ ጦር ከተማዋን በመድፍ ደበደበ፤ ሆስፒታሉም አልቀረለትም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ተሰደዱ፤ ልክ በ1988 እንደሆነው ያስጠለሏቸው የድንበር ማዶ ዘመዶቻቸውና ኢትዮጵያ ነበሩ። በኦገስት ወር የሐርጌሳ ጦር ተሸንፎ ወጣ።

በ1988 በአየር የተደበደቡ ሰዎች ልጆች በ2023 ከተማ በመድፍ መደብደባቸውን ሳስብ በሐርጌሳ ላይ ብቻ መፍረድ አልቻልኩም፤ ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ። አንድ ሕዝብ በደል ደረሰብኝ ብሎ የራሱን መንግሥት ሲያቆም፣ አዲሱ መንግሥት ወዲያው የአሮጌውን ቋንቋ ይናገራል፦ የግዛት አንድነቴ አይደፈርም፣ የውጭ እጅ አለበት፣ ጥቂት ከሃዲዎች ናቸው። በደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ላይ ነፃነት በታወጀ በሦስተኛው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ አይተናል። ድንበሩ የቱ ጋ ይሁን የሚለው ጥያቄ ቢመለስ እንኳ በውስጡ ያለው ሰው ምን ዋስትና አለው የሚለው አይመለስም፤ ከአሮጌው አገር ወደ አዲሱ አገር አብሮ ይሻገራል።

ባንጁል

አፍሪካ ይህን ጥያቄ የምትሰማበት ቦታ ጭራሽ የላትም ማለት አይቻልም። መቀመጫው ባንጁል የሆነው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ1990ዎቹ አጋማሽ የካታንጋ ሕዝቦች ኮንግረስ በዛየር (በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ላይ ያቀረበውን አቤቱታ ሲወስን፣ ካታንጋ የራስዋን ዕድል በአገሪቱ አንድነት ውስጥ እንድትወስን ነግሯታል። ነገር ግን ምክንያቱን ሲያስቀምጥ፣ የዛየርን የግዛት አንድነት ጥያቄ ውስጥ የሚያስገባ ደረጃ የደረሰ የመብት ጥሰት ማስረጃ ስላልቀረበና ሕዝቡ በአገሩ አስተዳደር የመሳተፍ መብቱን እንደተነፈገ ስላልተረጋገጠ ነው አለ። ማስረጃው ቢቀርብስ? ኮሚሽኑ ያንን ክፍት ተወው። ኔሬሬ በ1968 የተናገሩት ነገር ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በሕግ ቋንቋ ብቅ አለ ብዬ አነበብኩት።

በሩን ያንኳኩ አሉ። በ1961 ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ካሜሩን ጋር በፌዴሬሽን የተዋሐዱት፣ ፌዴሬሽኑም በ1972 የፈረሰባቸው የደቡብ ካሜሩን ሰዎች ለዚሁ ኮሚሽን አቤት ብለው በ2009 ውሳኔ አግኝተዋል። ኮሚሽኑ መገንጠላቸውን አልደገፈም፤ ግን ሕዝብ መሆናቸውን አወቀላቸው፣ ያውንዴም ከእነሱ ጋር ብሔራዊ ውይይት እንድታደርግ አሳሰበ። ውይይቱ ቀረ። በ2016 መጨረሻ ጠበቆችና መምህራን አደባባይ ወጡ፣ በማግሥቱ ዓመት ኦክቶበር 1 ተገንጣዮቹ አምባዞኒያ ያሉት የዚያው ግዛት ነፃነት ታወጀ፣ ጦርነቱም ተከተለ። ያን ውሳኔ የሚያስፈጽም ኃይል ቢኖር ኖሮ ዛሬ በባሜንዳ ዙሪያ የሚቀበሩት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት በኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሶማሌላንድም እንዲሁ። በ2005 የአፍሪካ ኅብረት ልዑክ ሐርጌሳ ድረስ ሄዶ፣ ጉዳዩ በአፍሪካ የፖለቲካ ታሪክ ልዩ መሆኑንና ለሌሎች መገንጠሎች በር ይከፍታል በሚል ስጋት ብቻ መታየት እንደሌለበት ጽፏል። የሪፖርቱ ጉዳይ ከዚያ አልፎ አልሄደም። ኅብረቱ ዝም ባለ ቁጥር ጉዳዩን የሚያነሡት ወደብ ፈላጊዎች ናቸው፤ በጃንዋሪ 2024 አዲስ አበባና ሐርጌሳ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ፣ በዲሴምበርም አዲስ አበባና ሞቃዲሾ አንካራ ላይ ሲስማሙ የተነገረው ስለ ባሕር በር ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የባሕር በር ለእኛ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አስፈላጊነቱንም አምናለሁ። ነገር ግን በ1988 በአንድ የመንግሥታት ስምምነት የተነሣ የመጣውን እያወቅን፣ በመካከል ስላለው ሰው አንድም አንቀጽ የሌለው ሌላ ስምምነት ሳይ ሆዴ ይባባል።

የምፈልገው የተወሳሰበ ነገር አይደለም። የ2005ቱ ሪፖርት ለውይይት ይቅረብ። የሞቃዲሾና የሐርጌሳ ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር የላስ አኖድ ሽማግሌዎች እኩል ወንበር ተሰጥቷቸው በአንድ ጉባኤ ይሰሙ። በ1997 ጎርፍ ሐርጌሳ ላይ የገለጣቸው የጅምላ መቃብሮችና በ2023 የወደቁት መድፎች በአንድ ዓይነት ሕግ ይመርመሩ። ከዚያ በኋላ አንድ አገር ይሁኑ ወይም ሁለት፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የላስ አኖድ ሰዎች በ2023 መድፍ ከመተኮሱ በፊት አቤት የሚሉበትና ውሳኔውን የሚያስፈጽም አፍሪካዊ ሸንጎ አልነበራቸውም፤ አሁንም የላቸውም።